የፉአቲኖ ስልሳኛ ነጥብ

በሳሌኢቫ መንደር ፉአቲኖ ሁለት ስም አላት። አንዱን ያወጣላት አባቷ ነው፣ ሌላውን ያወጣላት አንድ ቀይ እርሳስ ነው። አባቷ ያወጣላትን ስም ፓስተሩ ሲያጠምቋት አንድ ጊዜ፣ ሲያጋቧት ደግሞ አንድ ጊዜ ጠሩት፤ ከዚያ ወዲያ ከባሏ በቀር የሚያስታውሰው ጠፋ። ቀይ እርሳሱ ያወጣላትን ግን ከባሕሩ ዳር እስከ ጎደሬው ማሳ ድረስ የማይጠራው የለም። ፒሱፖ ትባላለች።

ፒሱፖ በሳሞአዋ የሳቫኢ ደሴት የቆርቆሮ ሥጋ ነው። ጨው የጠገበ፣ ጮማው ነጭ ሆኖ ከላይ የረጋ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ከጎመን ጋር ካልቀረበ ምሳው ምሳ አይባልም። ለቅሶ ቤት ያለ ፒሱፖ ካርቶን ብቅ ያለ ቤተሰብ እስከ ልጅ ልጁ ይታማል። ሙሽራ ሲዳር፣ ቤት ሲመረቅ፣ የተጣላ ሲታረቅ፣ መጀመሪያ የሚታየው የካርቶኑ ቁልል ነው። ይህን ያህል የተከበረ ነገር ስሙ ለሰው ሲሰጥ ማዕረግ ይመስላል። አልነበረም። ሃምሳ አራት ዓመት ሙሉ ስድብ ነበር።

ነገሩ የተጀመረው ፉአቲኖ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳለች ነው። መምህር ኤሊሳራ ያኔ የሃያ አራት ዓመት ወጣት ነበሩ፣ ከዋና ከተማው ከአፒያ ተምረው መመለሳቸው ነበር። ነጭ ሸሚዛቸው ከተኮሳው ብዛት ብቻውን ይቆማል፣ ሽርጣቸው እጥፋት አያውቅም፣ ጆሯቸው ላይ ቀይ እርሳስ ሻጥ አድርገው ነው የሚሄዱት። በመጨረሻው ክፍል መቶ ጥያቄ ያለው ፈተና ይሰጣሉ። ስልሳ ያገኘ አፒያ ሄዶ ሁለተኛ ደረጃ ይማራል፣ ስሙም በትምህርት ቤቱ ሰሌዳ ላይ በነጭ ቀለም ይጻፋል። ስልሳ ያላገኘ ጎደሬ ይተክላል።

ከጥያቄዎቹ አንዱ የእንግሊዝኛ ቃል ሰጥቶ በሳሞአ ቋንቋ ምን እንደሚባል የሚጠይቅ ነበር። ቃሉ «ፒ ሱፕ» ነው፣ የአተር ሾርባ። ፉአቲኖ እጇ እንኳ ሳያመነታ «ፒሱፖ» ብላ ጻፈች።

ደግሞም ከመሬት ተነስታ አልጻፈችውም። የአባቷ አክስት ሉሲአ ሰሌን እየሠሩ ሲያወሩ አብራቸው የምትቀመጠው እሷ ነበረች። አክስት ሉሲአ ጥርስ አልነበራቸውም፣ ወሬ ግን ሞልቷቸዋል። የፒሱፖን ነገር የሰሙት ከእናታቸው እናት ነው፤ አያቲቱ ደግሞ ባሕሩ ዳር ቆመው በዓይናቸው ያዩት ነው። እንዲህ ነበር የሚያወሩት፦

«ነጮቹ መርከበኞች ቆርቆሮ ከፈቱ። ውስጡ አረንጓዴ፣ ሕፃን ያስመለሰው የሚመስል ነገር። ምንድነው ብንላቸው ፒ ሱፕ አሉን። ለአሳማ ደፋንላት። ቆርቆሮውን ግን የትኛዋ ሞኝ ትጥላለች? ውሃ ቀዳንበት፣ ስሙንም ፒሱፖ አልነው። በኋላ ሌላ መርከብ መጣ፤ ቆርቆሮው ያው፣ ውስጡ ሥጋ። ሥጋው ተከራይ ሆኖ ገባና የቤቱን ስም ወረሰ።»

አክስት ሉሲአ ይህን ባወሩ ቁጥር ድዳቸው እስኪታይ ይስቃሉ። ፉአቲኖም ትስቅ ነበር። ስለዚህ ፈተናው ላይ ጥያቄውን ስታይ ሰማይ ራሱ መልሱን የላከላት ነው የመሰላት።

መምህር ኤሊሳራ ወረቀቶቹን ሲመልሱ የእሷን ለብቻ ይዘው ከፊት አቆሟት።

«ፉአቲኖ፣ እሑድ እናትሽ ፒሱፖ ስትከፍት ከውስጡ ምን ይወጣል?»

«ሥጋ፣ መምህር።»

«አተር ወጥቶ ያውቃል?»

«አያውቅም።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። መምህሩ ወደ ጥቁር ሰሌዳው ዞረው ትክክለኛውን መልስ ጻፉ፦ ሱፖ ፒ። ሱፖ ሾርባ ነው፣ ፒ አተር ነው፣ በእኛ ቋንቋ ሾርባው ይቀድማል፣ የምን ሾርባ የሚለው ይከተላል፣ «ቤት ትልቅ» እንጂ «ትልቅ ቤት» የሚል የለም ብለው አስረዱ። እውነታቸውን ነው፣ ሰዋስዉ እንደዚያ ነው። ፉአቲኖ አክስት ሉሲአ ያወሩትን ለመናገር አፏን ከፈተች፤ ግን መምህር ተናግሮ ሲጨርስ መልስ መስጠት በሳሌኢቫ ነውር ነው። አፏን መልሳ ዘጋች። ወረቀቷ ላይ ቀይ ኤክስ፣ ከራሱ ላይ ደግሞ ሃምሳ ዘጠኝ ተጽፏል።

አጠገቧ የምትቀመጠው ፔኒና ስልሳ ሦስት አግኝታ ነበር። ከክፍል ሲወጡ «አንቺ ፒሱፖ፣ ነይ እንሂድ» ያለቻት እሷ ናት። ክፋት አልነበረባትም፣ አፏ ነው የሚቀድማት። ግን ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። እስከ ምሽት መንደሩ ሁሉ ያዘው። በሳምንቱ ፔኒና በጀልባ ወደ አፒያ ሄደች፣ ስሟም ከሌሎች ሦስት ልጆች ጋር ሰሌዳው ላይ ተጻፈ። ፉአቲኖ ወረቀቷን አጥፋ በባዶ የብስኩት ጣሳ ውስጥ ከተተችውና ወደ ጎደሬው ማሳ ወጣች።

ከዚያ በኋላ ያለው ኑሮዋ የሚያሳዝን እንዳይመስላችሁ። ፋአሊጋ የሚባል ዓሣ አጥማጅ አገባች፣ አምስት ልጆች ወለደች፣ አምስቱንም አስተማረች። ፋአሊጋ ሁልጊዜ ፉአቲኖ ብሎ ነው የሚጠራት። አንድ ቀን ብቻ ተጣልተው «ዝም በይ ፒሱፖ» አላት፤ ሳምንት ሙሉ ደረቅ ጎደሬ ያለ ማባያ አቀረበችለት። በስምንተኛው ቀን ደጅ ላይ ቆሞ ጎረቤት እስኪሰማ «ፉአቲኖ» ብሎ ተጣራ፣ ዓሣውም ተመለሰለት። የሴቶቹ ማኅበርም ሰብሳቢ አደረጋት። ማኅበሩ በየቤቱ እየዞረ ሰሌኑ ተራግፎ፣ ድስቱ ታጥቦ እንደሆነ ያያል፤ እሷ የምትመጣ ቀን ባሎች ሳይቀሩ መጥረጊያ ያነሳሉ።

ያቺ አንዲት ነጥብ ግን አልለቀቀቻትም። የቤት ዕቃ ስም በሰማች ቁጥር ይህ ከየት መጣ ብላ ትጠይቃለች። ቧንቧ ሊጠግን የመጣውን ነጭ ሳይቀር ሥራ አስፈትታዋለች። ኤሌኒ የሚባለውን ጠየቀችው። የሴት ስም እንዳይመስላችሁ፣ ኤሌኒ በእኛ አገር የቆርቆሮ ዓሣ ነው። ሰውዬው ቃሉ ከእንግሊዝኛ «ሄሪንግ» እንደመጣ፣ ሄሪንግ የሚባለውም የቀዝቃዛ ባሕር ዓሣ እንደሆነ ነገራት። ከዚያ ከመደርደሪያዋ አንድ ኤሌኒ አወረደችና ከፈተችለት። አየና ሳቀ፤ ይህማ ማኬሬል የሚባል ሌላ ዓሣ ነው አላት። ፉአቲኖ ያን ቀን ስትስቅ ዋለች። ሌላም ተከራይ አለ ማለት ነው።

አርባዎቹን ስታጋምስ ታላቁ አውሎ ነፋስ መጣ። የትምህርት ቤቱን ጣሪያ ወሰደው፣ የስም ሰሌዳውንም ነቅሎ የት እንደጣለው ጠፋ። መንደሩ ሁሉ ሲፈልግ ሰነበተ። ያገኘችው ፉአቲኖ ናት፣ በራሷ ጎደሬ ማሳ ውስጥ፣ ስሞቹ ወደ ላይ ሆነው። ተንበርክካ አነበበችው። በዚያ ዓመት ሥር አራት ስም አለ፣ ከአራተኛው በታች ደግሞ አንድ ስም የሚያስገባ ባዶ ቦታ። ፋአሊጋ ቤታችን ፈርሷል፣ ጥሩ ጣውላ ነው፣ ማንም አላየንም አላት። በጨርቅ ወለወለችውና በራሷ ተሸክማ ሁለት ሰዓት መንገድ ሄዳ ለትምህርት ቤቱ አስረከበች።

የተቀበሏት መምህር ኤሊሳራ ነበሩ፣ ያኔ ዳይሬክተር ሆነዋል። በደስታ እጇን ይዘው አልለቅም አሉ።

«ተባረኪ ፒሱፖ» አሏት። ቀጥለውም ፈገግ ብለው ጠየቁ፣ «ለመሆኑ ይሄን ስም ማን ነው ያወጣልሽ?»

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል፤ ፉአቲኖ ግን ሰውዬው እንዲህ አድርገው ይረሱታል ብላ አልጠበቀችም። «ሰው ነው፣ መምህር» አለችና ወጣች። መንገዱን ሁሉ እያለቀሰች ተመለሰች፣ ለፋአሊጋም ዓይኔ ውስጥ አሸዋ ገባ አለችው።

ፋአሊጋ ከሞተ በኋላ፣ እሷ ስልሳ ስድስት ዓመቷ ሳለ፣ ትምህርት ቤቱ የተመሠረተበት ሰባኛ ዓመት ሊከበር ሆነ። የአሮጌው ሰሌዳ ስሞች፣ ባዶው ቦታ ሳይቀር፣ እንዳሉ ወደ አዲስ ሰሌዳ ተገለበጡ። ለበዓሉ መምህር ኤሊሳራ ስሞቹን ሊያነቡ፣ የተጠራው ሁሉ የአበባ ጉንጉን ሊጠለቅለት፣ ከምሳ በኋላ ደግሞ ሰሌዳው ላይ መስታወት ሊገጠም ተወሰነ። መስታወቱ ከተገጠመ በኋላ የሚጨመር ስም የለም። ምሳውን የሚያበስለው እንደተለመደው የሴቶቹ ማኅበር ነው።

ፉአቲኖ ይህን በሰማች በሦስተኛው ቀን ማኅበሩን ሰብስባ ጎመኑንም ፒሱፖውንም እናንተ ሥሩት፣ እኔ ድስት አጠገብ አልውልም አለች። አንዷ አመመሽ እንዴ ብትላት፣ አዎ፣ ሃምሳ አራት ዓመት ሆነኝ ብላ መለሰችላት። የምግቡን ዝርዝር የማሳወቁ ተራ ግን የኔ ነው አለች። በእኛ ዘንድ ድግስ ሲቀርብ የመጣው ሁሉ በስሙ እየተጠራ በሕዝብ ፊት ይታወጃል። አብዛኛውን ጊዜ ድምፁ ጎላ ያለ ወንድ ነው የሚያውጀው፤ የማኅበሩ ሰብሳቢ ይህን ካለች ግን እምቢ የሚላት አልተገኘም።

በዓሉ ቀን ሜዳው ሞላ። ፔኒና ባሕር ማዶ ከምትኖርበት ከኦክላንድ ከነሰፊ ባርኔጣዋ መጥታለች፣ ፊት ወንበር ላይ። ፉአቲኖን አይታ ክንዷን ዘረጋች።

«አንቺ ፒሱፖ፣ አላረጀሽም እኮ። ምሳው ደረሰ?»

«ይደርሳል። አንቺ ብቻ ባርኔጣሽን አውልቂ፣ ከኋላሽ ያለው ሰው ጉድ ሊያይ ነው።»

መምህር ኤሊሳራ ስሞቹን አነበቡ። ሰማንያ ሊሞላቸው ሁለት ዓመት ቀርቷቸዋል፣ ሸሚዛቸው ግን ያው ይቆማል። በዚያ ዓመት አራት ስም ጠሩ፣ ፔኒና ተነስታ አበባዋን አጠለቀች፣ ጭብጨባው ቀለጠ። ንባቡ ሲያልቅ የምግቡ አዋጅ ተራ ደረሰ። ፉአቲኖ የብስኩት ጣሳዋን በብብቷ ይዛ መሀል ሜዳው ላይ ቆመች። ጎደሬውን አወጀች፣ አሳማውን አወጀች። ከዚያ አዋጁን አቋረጠች።

«የተከበራችሁ ያገር አለቆች፣ ሰላሳ ካርቶን ፒሱፖ ቀርቧል። ምን እንደሆነ ሳላውቅ ግን ማወጅ አልችልም። መምህሬ እዚህ ስላሉ ልጠይቃቸው።»

ሰዉ ሳቀ። መምህር ኤሊሳራም ፈገግ ብለው «ሥጋ ነው እንጂ ሌላ ምን ይሆናል?» አሉ።

«ኤሌኒስ፣ መምህር?»

«ዓሣ ነዋ።»

«ሄሪንግ ነው ወይስ ማኬሬል?»

መምህሩ እንዲህ ያለ ጥያቄ ይወዳሉ። ስሙ ከሄሪንግ እንደመጣ፣ ዛሬ ቆርቆሮው ውስጥ ያለው ማኬሬል እንደሆነ፣ ዓሣው ሲለወጥ ስሙ አለመለወጡን በሚገባ አብራሩ። ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እንግዲህ የቆርቆሮ ስምና የቆርቆሮ ሆድ ሊለያይ ይችላል ማለት ነው» አለች ፉአቲኖ። «አንድ የመጨረሻ ላስቸግርዎ። የአተር ሾርባ በቋንቋችን ምንድነው?»

«ሱፖ ፒ» አሉ መምህሩ ወዲያው። «ሾርባው ይቀድማል። ቤት ትልቅ እንጂ ትልቅ ቤት አይባልም።»

«እኔንም ያስተማሩኝ እንደዚሁ ነው፣ አልረሳሁትም። ታዲያ ፒሱፖን ማን ገለበጠው? የሳሞአ እናት የወለደችው ሰው ፒን አስቀድሞ ሱፖን አያስከትልም። እንዲህ እያለ የሚናገር ማነው፣ መምህር?»

መምህር ኤሊሳራ ሊመልሱ አፋቸውን ከፈቱ። ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ ፊት ወንበር ላይ ያሉት ሁሉ አዩ፦ ፒ፣ ሱፖ። ፒ፣ ሱፖ። ከዚያ በእንግሊዝኛው አሉት፣ ቀስ ብለው።

«እንግሊዝ» አሉ በመጨረሻ። «ቃሉ የእንግሊዝ ነው። ከአተር ሾርባው ነው የመጣው። ሃምሳ ዓመት ሙሉ ይሄን ቃል በየእሑዱ ስበላው...» ሳይጨርሱት ቀሩ።

ፉአቲኖ ጣሳውን ከፈተች። ወረቀቱ ቢጫ ሆኗል፣ እጥፋቱ ላይ ተቀዷል፣ ቀዩ ኤክስ ግን ትናንት የተጻፈ ይመስላል። በሁለት እጇ አቀረበችላቸው። መነጽራቸውን አደረጉ። የራሳቸውን የእጅ ጽሑፍ አወቁት፤ ከላይ የተጻፈውን ስም አነበቡ፣ ቀጥሎ እሷን ቀና ብለው አዩ። ያን ጊዜ ነው ሁሉም ነገር የገባቸው። ሽማግሌው ፊታቸው ሲለዋወጥ ማየት ቀላል አልነበረም።

«ይሄን ስም ያወጣሁልሽ እኔ ነኝ» አሉ።

«እርሳስዎ ነው፣ መምህር። እርስዎ ልጅ ነበሩ።»

ሌላ ሰው ቢሆን ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ይከት ነበር። መምህር ኤሊሳራ ሰው ናቸው። ቀይ እርሳስ አምጡልኝ አሉ። የአሁኑ ዳይሬክተር ኪሳቸውን ዳበሱ፣ ፓስተሩ ዳበሱ፣ ጥቁር እስክሪብቶና ሰማያዊ እስክሪብቶ እንጂ ቀይ የለም። በሌላ ቀለም አላርምም አሉ ሽማግሌው። የመምህር ስህተት በመምህር ቀለም ነው የሚታረመው ብለው ደረቁ። በዚህ መሀል ፔኒና ቦርሳዋን እየበረበረች ተነሳች። ያወጣችው ሊፒስቲክ ነው፣ ደም የመሰለ ቀይ።

«ያፌን ዕዳ በከንፈሬ ቀለም ይክፈሉልኝ» አለች። ዓይኗ እንባ ሞልቶ ነበር።

መምህር ኤሊሳራ ወረቀቱን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ኤክሱን ሰረዙና አጠገቡ ትልቅ የራይት ምልክት አደረጉ፣ ሊፒስቲኩ እስኪጣመም። ሃምሳ ዘጠኙን ሰርዘው ስልሳ ጻፉ። ከዚያ ቆመው፣ ስሞቹን ባነበቡበት ድምፅ፣ እንዲያውም ከዚያ ጎላ አድርገው ተጣሩ፦

«ፉአቲኖ!»

ስሟን ከፋአሊጋ ሞት ወዲህ የጠራው ሰው አልነበረም። ሜዳው ፈነዳ። ሴቶቹ ከነማማሰያቸው ከማድቤቱ ወጡ፣ ድስቱን የሚጠብቅ ጠፋ። ፔኒና ከራሷ አንገት አበባውን አውልቃ ለፉአቲኖ አጠለቀችላት። ፉአቲኖ አላለቀሰችም፤ ያን ቀን አሸዋ የሚባል ነገር አልነበረም። እንደ ሰባት ዓመት ልጅ ጥርሷን አሳይታ ሳቀች። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ የእሷ ንጋት ትንሽ ሰንፎ ነበር እንጂ መጥራቱን ጠራ።

አዲሱን ሰሌዳ የጻፈው ሰዓሊ ብሩሹን ነክሮ ሰሌዳው ፊት ጠበቀ። ከአራተኛው ስም በታች ያቺ ቦታ አሁንም ባዶ ናት። መምህሩ «ፉአቲኖ» ብለህ ጻፍ አሉት። ጻፈ። ሊነሳ ሲል እሷ ትከሻውን ያዘችው።

«አልጨረስክም። ሁለተኛውንም ጨምርበት።»

«ፒሱፖ?» ሰዓሊው መምህሩን አየ፣ መልሶ እሷን። «እትዬ፣ ይሄን ስም ጠልተሽው የለም እንዴ?»

«ስድብ ሳለ ነው የጠላሁት። አሁን ስልሳኛ ነጥቤ ነው» አለችው። «ጻፈው። ፒው ይቅደም፣ እንዳትገለብጠው።»